የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሃይማኖትና መንግሥትን ከለየ፣ ፓስተሩ ከዕጩ ጎን ቆሞ እንዴት ይጸልያል?

መምህር ዘኮዬ፦

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ኮዬ ፈጬ፣ በኮንዶሚኒየሙ ኮሚናል ውስጥ እሑድ ከሰዓት የሚሰበሰብ የወጣቶች የውይይት ክበብ አለ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይበዙበታል። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም አንድ አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጠው። የሚቀጥለው ርዕስ በአሜሪካ ሃይማኖትና ፖለቲካ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ነው፤ የመረጡትም ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።

ጥያቄያቸው ቀላል ይመስላል እንጂ ከባድ ነው። ሃይማኖትና መንግሥት ከተለያዩ ፕሬዚዳንቱ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጁን አድርጎ ለምን ይምላል? ዶላሩ ላይስ «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚለው ምን ይሠራል? በምርጫ ሰሞን ፓስተሮች ዕጩው ትከሻ ላይ እጃቸውን ጭነው ሲጸልዩ በቴሌቪዥን ይታያል። እኛ አገር ቄስ ወይም ኢማም እንዲህ ቢያደርግ ከሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 11 ጋር ይጋጫል የሚል ክርክር ተነስቷል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ዘመድ ያላቸው ደግሞ እዚያ ያሉት የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት በምርጫ ወቅት ምን እንደሚፈቀድላቸውና ምን እንደሚከለከሉ ማወቅ ይፈልጋሉ።

«አሜሪካ የክርስቲያን አገር ናት» ወይም «ለይስሙላ የተጻፈ ሕግ ነው» ብሎ ማለፍ አልፈልግም፤ ሁለቱም ልጆቹን አይመጥንም። የሕጉን ቃል፣ የክሱን ዓመት፣ የአሠራሩን ዝርዝር የምታውቁ እርዱኝ።

የአያቱ ጠበቃ፦

መምህር፣ ውይይቱን የሁለቱን ሕገ መንግሥቶች ቃል ጎን ለጎን በማንበብ ቢጀምሩት ይሻላል። ግማሹ ግራ መጋባት እዚያው ይፈታል። (የአሜሪካውን ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የእኛ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር ከደነገገ በኋላ በሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ «መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፤ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም» ይላል። ሁለቱንም ወገን ነው የሚያዘው። ይህ ከየት እንደመጣ ታሪካችንን ለሚያውቅ ግልጽ ነው፤ እስከ አብዮቱ ድረስ ዙፋኑና ቤተ ክህነቱ በሕግ የተሳሰሩ ነበሩ፤ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ በግልጽ ደንግጎ ነበር።

አሜሪካኖቹ በ1791 ያጸደቁት የመጀመሪያው ማሻሻያ ግን የሚያዘው አንዱን ወገን ብቻ ነው። ኮንግረስ ሃይማኖትን የሚያቋቁም ሕግ እንዳያወጣ፣ ሰው በነፃ እንዳያመልክ እንዳይከለክል ያስራል። ታሳሪው መንግሥት ነው። «የሃይማኖት ተቋም በፖለቲካ አይግባ» የሚል ሐረግ ሰነዱ ከዳር እስከ ዳር ቢፈተሽ የለም። እንዲያውም ያው ማሻሻያ የመናገርና የመሰብሰብን መብት አብሮ ስለሚያስከብር፣ ፓስተሩ ስለ ፖለቲካ እንዲናገር ጥበቃ ይሰጠዋል። ስለዚህ ልጆቹ በቴሌቪዥን ያዩት ጸሎት ሕገ መንግሥቱን አልጣሰም። ፓስተሩን የሚይዘው ነገር ካለ የግብር ሕግ ነው፤ እሱን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ቢያብራራው።

ከማሻሻያው በፊት የተጻፈ ሌላ ቃልም አለ፤ አንቀጽ 6። ለማንኛውም የፌዴራል ሹመት የሃይማኖት ፈተና መስፈርት እንዳይሆን ይከለክላል። ክልሎቹ ግን የራሳቸውን መስፈርት ለረጅም ጊዜ ይዘው ቆይተዋል። ሜሪላንድ ለምሳሌ ሰነድ ለሚያረጋግጥ ሹም እንኳ በፈጣሪ መኖር ማመኑን እንዲያውጅ ታስገድድ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን የሻረው በ1961 ነው።

በሃይማኖትና በመንግሥት መካከል አለ የሚባለው «የመለያ ግንብ» ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም። ቶማስ ጀፈርሰን ጥር 1 ቀን 1802 በኮነቲከት ግዛት ዳንበሪ ለሚገኙ ባፕቲስቶች በጻፈው ደብዳቤ ነው የሚገኘው። እዚህ ላይ ልጆቹ ቆም ቢሉ ደስ ይለኛል። ግንቡ ይኑር ብለው የሚጮኹት የዚያን ጊዜ አማኞች ናቸው። ኮነቲከት የራሷ የሆነ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበራትና ባፕቲስቶቹ አናሳ ሆነው ይገፉ ነበር። ይህ ሥርዓት እዚያ እስከ 1818፣ በማሳቹሴትስ ደግሞ እስከ 1833 ቆይቷል። እንዴት ቆየ ቢባል፣ ማሻሻያው መጀመሪያ የሚያስረው የፌዴራሉን ኮንግረስ ብቻ ስለነበር ነው። ሃይማኖት ማቋቋምን የሚከለክለው ክፍል ክልሎችንም እንዲያስር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው በ1947፣ ኤቨርሰን በሚባለው የኒው ጀርዚ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ክስ ነው።

ወደ መሐላው ስመጣ፣ የፕሬዚዳንቱ ቃለ መሐላ በአንቀጽ 2 ተጽፏል፤ በእንግሊዝኛው 35 ቃል ብቻ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ አይጠቅስም፤ «እግዚአብሔር ይርዳኝ» የሚለውም የለበትም። «እምላለሁ» የማይል «አረጋግጣለሁ» ማለት ይችላል፤ ፍራንክሊን ፒርስ በ1853 ያደረገው ይህን ነው። ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1901 ያለ መጽሐፍ ቅዱስ ነው ቃል የገባው። የምክር ቤት አባል ኪት ኤሊሰን ደግሞ በ2007 በሥነ ሥርዓቱ ላይ የጀፈርሰን የነበረውን ቁርኣን ተጠቅሟል። ሙስሊም ተማሪዎቻችሁ ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ዶላሩ ላይ ያለውም ብዙዎች እንደሚያስቡት ከመሥራቾቹ ዘመን የመጣ አይደለም። መፈክሩ መጀመሪያ በርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት፣ በ1864፣ በሁለት ሳንቲም ላይ ታየ። በገንዘብ ሁሉ ላይ እንዲሰፍር ሕግ የወጣው በ1955፣ የአገሪቱ መፈክር የሆነው በ1956፣ የወረቀት ብር ላይ የወጣው በ1957 ነው። ለሰንደቅ ዓላማው የሚገባው ቃል ውስጥም «ከእግዚአብሔር በታች» የሚለው የተጨመረው በሰኔ 1954 ነው። ጊዜው ቀዝቃዛው ጦርነት ነበር፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርና ኮንግረሱ አገራቸውን ፈጣሪ የለም ከምትለው ሶቪየት ኅብረት መለየት ፈልገዋል።

ለቡ መብራት ኃይል፦

የግብሩን ነገር እኔ ልያዘው። የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት የሚቸገሩትም እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አደርገዋለሁ።

በአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድም ሆነ ምኩራብ 501(ሲ)(3) በሚባለው የግብር ሕግ ክፍል ሥር ይወድቃል። ከገቢ ግብር ነፃ ነው፤ የሚሰጠው ሰውም ስጦታውን ከራሱ ግብር ላይ ማስቀነስ ይችላል። ሌላ በጎ አድራጎት ድርጅት ነፃ ለመሆን ያመለክታል፣ በየዓመቱም ሪፖርት ያስገባል። ቤተ እምነት ግን መስፈርቱን ካሟላ ሳያመለክትም ነፃ ነው፤ ዓመታዊውን ቅጽ 990 መሙላትም አይጠበቅበትም። ብዙዎች ግን ባንክና ለጋሽ ማረጋገጫ ስለሚጠይቃቸው ያመለክታሉ።

ይህ ጥቅም የተሰጠው በቅድመ ሁኔታ ነው። በ1954 የቴክሳሱ ሴናተር ሊንደን ጆንሰን ባስገባው ማሻሻያ መሠረት፣ በዚህ ክፍል ያለ ድርጅት ለሕዝብ ሥልጣን የሚወዳደርን ዕጩ በመደገፍም ሆነ በመቃወም ዘመቻ ውስጥ መግባት አይችልም። ገንዘብ መስጠት፣ አዳራሽ ለአንዱ በነፃ ሰጥቶ ሌላውን መከልከል፣ የምእመናንን ስም ዝርዝር ለአንድ ዕጩ ማቀበል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ድረ ገጽ ላይ «እገሌን ምረጡ» ብሎ መለጠፍ ሁሉም ከክልከላው ይገባል።

የተፈቀደውም ብዙ ነው። ስለ ውርጃ፣ ስለ ስደተኞች፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ጦርነት ከመድረክ መስበክ ይቻላል። ለአንድ ሕግ መውጣት ወይም መውደቅ ምክር ቤት ሄዶ መወትወትም ይቻላል፤ ገደቡ ይህ የድርጅቱ ሥራ ዋና ክፍል እንዳይሆን ነው። ዕጩዎችን መጋበዝ ይቻላል፣ ለሁሉም እኩል ዕድል ከተሰጠ። ፓስተሩ በግሉ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ስምና ገንዘብ ሳይጠቀም፣ ከአገልግሎት ውጭ ዕጩ ሊደግፍ ይችላል። የግብር መሥሪያ ቤቱ አይ.አር.ኤስ. በ2007 ባወጣው መመሪያ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን በ21 ምሳሌ አሳይቷል፤ ለክበባችሁ ከዚህ የተሻለ መወያያ አላውቅም።

ነገሩ የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ፓስተሩ ሰው ቤት የሚናገረውን በዩቲዩብ ገጹ ሲያስተላልፍ፣ ገጹም የቤተ ክርስቲያኑ ሲሆን። ግልና ተቋም የሚደበላለቀው እዚህ ነው። ሁለተኛ፣ «የመራጮች መመሪያ» ተብሎ የሚታደለው ወረቀት አንድ ጉዳይ ብቻ ይዞ ጥያቄው ራሱ መልሱን ሲጠቁም፤ ስም ሳይጠራ ቅስቀሳ ይሆናል። ሦስተኛው በእኛ ሰው ላይ በተለይ የከፋ ነው። መራጮችን መመዝገብ ለቤተ ክርስቲያን የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ያለፈውን ሁሉ «ና ተመዝገብ» ማለት አደገኛ ነው። ምእመኑ መካከል ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ብዙ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ለፌዴራል ዕጩ ገንዘብ መስጠት ይችላል፣ መምረጥ ግን አይችልም። ዜጋ ሳይሆን ተመዝግቦ ከመረጠ የዜግነት ማመልከቻውን ሊያበላሽ፣ ከአገርም ሊያስባርር ይችላል። ስለዚህ መዝጋቢው ቅጹን ከማቅረቡ በፊት «ዜጋ ነዎት ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ እናቶችንም ጭምር።

ቅጣቱስ ካላችሁ፣ ከግብር ነፃ የመሆን መብቱ ሊነጠቅ ይችላል፤ ለቅስቀሳ በወጣው ገንዘብ ላይም 10 በመቶ ግብር ይጣላል፤ ካልታረመ 100 በመቶ ይደርሳል። በተግባር ግን በቤተ እምነት ላይ እምብዛም አልተሠራበትም። የታወቀው ጉዳይ በኒው ዮርክ ግዛት ቢንግሃምተን አጠገብ ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1992 ምርጫው 4 ቀን ሲቀረው በሁለት ትልልቅ ጋዜጦች ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣ፤ ክርስቲያኖች ለቢል ክሊንተን እንዳይሰጡ የሚያስጠነቅቅ ነበር፤ ከሥሩም ለማስታወቂያው ወጪ ከግብር የሚቀነስ ስጦታ ጠየቀ። በ1995 የግብር ነፃነቱ ተሰረዘ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2000 አጸናው።

በሐምሌ 2025 ደግሞ አይ.አር.ኤስ. ቴክሳስ ውስጥ በቀረበበት ክስ ባስገባው ሰነድ አቋሙን አለዝቧል። ቤተ እምነት በአምልኮ ጊዜ፣ በተለመደው መንገዱ፣ ለራሱ ምእመናን ስለ ምርጫ በእምነት ዓይን ቢናገር ክልከላውን እንደጣሰ አልቆጥርም ብሏል። ብዙ ሰው ይህን «ጆንሰን ማሻሻያ ተሻረ» ብሎ አሰራጭቶታል፤ እንዲህ አይደለም። የሕጉን ቃል የሚሽረው ኮንግረስ ነው፤ ሰነዱም ስለ ገንዘብና ከምእመኑ ውጭ ስለሚደረግ ዘመቻ ፈቃድ አልሰጠም። በሌላ አስተዳደር ሥር አቋሙ ሊቀየር እንደሚችልም የየቤተ ክርስቲያኑ ቦርድ ማሰብ አለበት።

እህተ ጀሞ፦

ሕጉን በደንብ አስረዳችሁ። ታሪኩ ከሌለ ግን ልጆቹ ሃይማኖት በአሜሪካ ፖለቲካ ማለት ወንጌላውያንና ሪፐብሊካን ብቻ ይመስላቸዋል።

በ1928 የፕሬዚዳንት ዕጩ የነበረው አል ስሚዝ ካቶሊክ በመሆኑ «ለሮም ነው የሚታዘዘው» ተብሎ ተዘመተበት፤ ተሸነፈም። ጆን ኬኔዲም በ1960 ያው ጥርጣሬ ገጠመው። መስከረም 12 ቀን ሂውስተን ሄዶ በፕሮቴስታንት ፓስተሮች ፊት ቆመና መለያየቱ ፍጹም የሆነባትን አሜሪካ እንደሚያምንባት፣ ጳጳስ ፕሬዚዳንቱን ማዘዝ እንደሌለበት ተናገረ። ያን ጊዜ ወግ አጥባቂ ፕሮቴስታንቶች ናቸው ግንቡ ይጥበቅ የሚሉት። ዛሬ ከነሱ ብዙዎቹ ግንቡ ከልክ በላይ ከፍ ብሏል ይላሉ። የማን ወገን ምን እንደሚል በየዘመኑ ይቀያየራል፤ ይህን ሳይዙ ዛሬ ያለውን አሰላለፍ ከጥንት የነበረ አድርጎ መውሰድ ትልቁ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ነገር የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ነው። የሲቪል መብቶች ንቅናቄ ያለ መድረኩ፣ ያለ መዝሙሩ፣ ያለ ምድር ቤት አዳራሹ አይታሰብም። በ1957 የተመሠረተው የደቡብ ክርስቲያን አመራር ጉባኤ በፓስተሮች የተመራ ነው፤ ማርቲን ሉተር ኪንግም የባፕቲስት ፓስተር ነበር። ሃይማኖት ከፖለቲካ ይውጣ የሚል ሰው ይህንንም አብሮ ማውጣት ይኖርበታል። ልጆቹ ላይ ይህን ጥያቄ ጣሉባቸው፤ ክርክሩ ይሞቃል።

ሦስተኛው የ1970ዎቹ ዙር ነው። የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ በ1971 ባወጣው ውሳኔ ውርጃ በአንዳንድ ሁኔታዎች በሕግ እንዲፈቀድ ደግፎ ነበር። በ1973 ውርጃን በመላ አገሪቱ የፈቀደው፣ ሮ የተባለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ መጣ፤ ከዚያም የግል ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች በዘር መድልዎ ምክንያት የግብር ነፃነታቸውን እንዳያጡ የተፈጠረው ሥጋት ተጨመረበት። በ1979 ጄሪ ፎልዌል «ሞራል ማጆሪቲ» የተባለውን ድርጅት መሠረተ። በ1980 እነዚህ መራጮች የራሳቸውን ባፕቲስት፣ የሰንበት ትምህርት አስተማሪውን ጂሚ ካርተርን ትተው ወደ ሪፐብሊካኑ ሬገን ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የነጭ ወንጌላውያን ድምፅ እየጠነከረ መጣ፤ በቅርቦቹ ሦስት ምርጫዎች ከ10 ወደ 8 የሚጠጉት ለትራምፕ ሰጥተዋል። ሮ በሰኔ 2022 ተሻረ። ጥቁር ፕሮቴስታንቶች በአብዛኛው ዴሞክራት ናቸው፤ ካቶሊኮቹ ለሁለት ይከፈላሉ።

በዚያው ላይ አማኙ ራሱ እየቀነሰ ነው። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም እንደለካው ክርስቲያን ነኝ የሚለው አዋቂ በ2007 78 በመቶ ነበር፤ በ2023-24 62 በመቶ ሆኗል። ሃይማኖት የለኝም የሚለው ከ16 ወደ 29 በመቶ አድጓል። ድምፃቸው የበረታው ቁጥራቸው በመብዛቱ አይደለም ማለት ነው።

ሰበታ መንገድ፦

ጠበቃው «ታሳሪው መንግሥት ነው» ያሉት ልክ ነው፤ እስከ ምን ድረስ ነው የሚታሰረው የሚለውን ግን አለፉት። ፍርድ ቤቱ ራሱ አንድ መስመር ይዞ አያውቅም። መንግሥት ትምህርት ቤት ላይ ብቻ ተመልከቱ። በ1962 የኒው ዮርክ ግዛት ያዘጋጀችው፣ የማንንም ሃይማኖት ስም የማይጠራ 22 ቃል ያለው ጸሎት ተከለከለ፤ ልጁ ባይጸልይም ችግር የለም ቢባል እንኳ። በዓመቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባቡም ተከተለ። በ1971 ሌመን በሚባለው ክስ ሦስት ጥያቄ ያለው መለኪያ ወጣ፦ የሕጉ ዓላማ ዓለማዊ ነው ወይ፣ ዋና ውጤቱ ሃይማኖትን ይደግፋል ወይም ይጎዳል ወይ፣ መንግሥትንና ሃይማኖትን ያጠላልፋል ወይ። በ2022 ደግሞ ከጨዋታ በኋላ ሜዳ መሐል ተንበርክኮ ይጸልይ የነበረ የዋሽንግተን ግዛት የትምህርት ቤት የአሜሪካ ፉትቦል አሠልጣኝ 6 ለ 3 አሸነፈ፤ ያ መለኪያም ተትቶ በታሪክና በልማድ እንዲለካ ተባለ።

ለእኔ የ1962ቱ ፍርድ ትክክል ነበር። የክፍል መምህር ፊት ያለ የ10 ዓመት ልጅ «አልጸልይም» ማለት አይችልም፤ አሠልጣኙ ሥር ያለ፣ ነገ ልሰለፍ ይሆን ወይ የሚል ተጫዋችም ያው ነው። በ2022 የተቃወሙት ሦስት ዳኞችም ያነሱት ይህንኑ ጫና ነው። ሌሎቹ ስድስቱ ደግሞ የሰውየውን የግል ጸሎት መከልከል በራሱ በሃይማኖት ላይ መነሣት ነው ብለዋል፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለም፤ ለልጆቹ በሙሉ ኃይሉ መቅረብ አለበት። አሁን ሉዊዚያና በ2024፣ ቴክሳስ በ2025 አሠርቱ ትእዛዛት በየክፍሉ እንዲሰቀል ሕግ አውጥተው ፍርድ ቤት ተከሰውበታል፤ ያው ዓይነት የኬንታኪ ሕግ በ1980 ተሽሮ ነበር።

መምህር ዘኮዬ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነው ያገኘሁት። አንድ የቀረችኝ፦ ካህን ወይም ፓስተር ራሱ ለምርጫ መወዳደር ይችላል?

የአያቱ ጠበቃ፦

ይችላል። ቴነሲ ሰባኪዎች የሕግ አውጪ አባል እንዳይሆኑ ትከለክል ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 ክልከላውን ሻረው። አሁን ሴናተር የሆነው ራፋኤል ዋርኖክ ኪንግ ያገለግልበት በነበረው የአትላንታው ኢቤኔዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ነው፤ በ2021 ሴናተር ሲሆንም አገልግሎቱን አልተወም። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ለዘመቻው ገንዘብም ሠራተኛም ሊሰጥ አይችልም፤ ከላይ የተባለው የግብር ሕግ አብሮት አለ።

ቱሉ ዲምቱ ዙሪያ፦

መምህር፣ ስለ አመራሩ ደግሞ እኔ ልጨምር። በዚህ ርዕስ ውይይት የሚበላሸው በአንድ መንገድ ነው፤ ስለ አሜሪካ ተጀምሮ 20 ደቂቃ ሳይሞላ «የእናንተ ቤተ እምነት እኮ» ይመጣል። ይህን ለመከላከል አስተያየት አይጠየቅም፤ ጉዳይ ተሰጥቶ ፍርድ ይጠየቃል። አራት ጉዳይ ይበቃል፦ የኒው ዮርኩ ጸሎት፣ የአሠልጣኙ፣ የጋዜጣው ማስታወቂያ፣ የሜሪላንዱ ሹም። ግማሽ ኤ4 ላይ ፍሬ ነገሩን ብቻ ጻፉ፤ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አታስገቡ። ፕሮጀክተር ላይ አትመኩ፤ መብራት ከጠፋ ነገሩ ሁሉ ያበቃል፤ ወረቀቱን ቀድማችሁ አባዙ።

አምስት አምስት ሆነው ይቀመጡ፤ ቡድኑ ከሦስቱም እምነት የተቀላቀለ ይሁን። በእያንዳንዱ ቡድን አንድ ልጅ የማያምንበትን ወገን ይከራከር፤ ማን እንደሆነ በዕጣ ይለይ። 15 ደቂቃ ለመወያየት፣ ለየቡድኑ 5 ደቂቃ ለማቅረብ፣ ከዚያ ፍርድ ቤቱ ምን እንደወሰነና ስንት ለስንት እንደሆነ እርስዎ ይንገሯቸው። አንቀጽ 11ን በመጨረሻ አምጡት፤ መጀመሪያ ከመጣ ሁሉም ስለ አገር ውስጥ ይሆናል። ጥያቄውም እንዲህ ቢሆን፦ «ከአራቱ ጉዳዮች በእኛ ሕገ መንግሥት ውጤቱ የሚለወጠው የትኛው ነው?» ለዚህ አንቀጽ 27ንና ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን የሚለውን አንቀጽ 90ንም በእጃቸው ስጧቸው።

ሰዓቱን 7 ተኩል ጀምሩና 9 ላይ ጨርሱ፤ ከአስር ሶላት ጋር አይጋጭም። ኮሚናሉ ለለቅሶ ወይም ለዕቁብ ተይዞ እንዳይሆን ደግሞ ሐሙስ ላይ ቁልፍ ያዡን ጠይቁ።